ሦስተኛዋ ብሎን

ሞተሩ ያፏጫል። ከአየር ማስገቢያው ላይ ሦስት ብሎን ጎድሏል።

«ሰው ይህን ያህል ዘመን እንዴት እንዲህ ይነዳል?» አልኩት ባለመኪናውን።

«አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሞተሩን ሰው እንዳታስነካ ብሎኝ ነበር። ነዳጁ ግን አስመረረኝ» አለ።

እናቱ ከኋላ ወንበር ተቀምጠዋል። ይውረዱ ብላቸው «ተመችቶኛል» አሉ።

ሞተሩን አጥፍቼ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። የመጀመሪያዋን ብሎን ሳጠብቅ እናትየው ሳሉ። ሁለተኛዋን ሳጠብቅ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ አለ። «የቤንዚኑ ሽታ ነው፤ ውሃ አምጣላቸው» አልኩት። ልጃቸው ሮጠ።

የሦስተኛዋን ቀዳዳ ጥርስ ልዳስስ አውራ ጣቴን ከተትኩ። ቀዳዳው ጣቴን ሳበው። የጠፋ ሞተር አየር አይስብም፤ ሃያ ዓመት ከዚህ ሥራ ጋር ስታገል አንድም ቀን አላየሁም። ከኋላ ድምፅ ጠፋ። ጣቴን ሳላነሳ አንገቴን ወደ ጎን አስግጌ ሳይ፣ እናትየው አፋቸውን ከፍተው ደረታቸውን ጨብጠዋል። ደንግጬ ጣቴን መነጨቅኩ።

እሳቸውም፣ ቀዳዳውም፣ እኩል ረጅም ትንፋሽ ሳቡ።

«አባቱ የተወልኝ ሦስት ቀዳዳ ነበር» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። «አንዷን እንኳ ተውልኝ፣ ልጄ።»