ከሃምሳ ሚሊዮን በላይ

ከሁለቱ እህትማማቾች ትልቋ በመናፈሻዎች መሥሪያ ቤት የግዢ ክፍል ሠራተኛ ናት ከማለት፣ ክፍሉ ራሷ ናት ማለት ይቀላል። ከእሷ ሌላ እዚያ ያለው ሁለት ቁልፍ ያለው የጨረታ ሳጥንና ጣቷን ዓመቱን ሙሉ ሰማያዊ የሚያደርገው የካርቦን ወረቀት ብቻ ነው። አንዲት የውሃ ጎማ ለመግዛት ሦስት የዋጋ ማቅረቢያ በታሸገ ፖስታ ትሰበስባለች፣ በአራት ቅጂ ትጽፋለች፣ አምስት ፊርማ ለማስፈረም ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ትውላለች።

ታናሽ እህቷ ሚጡ የተቀጠረችው ከመንገዱ ማዶ ባለው በመንገዶች መሥሪያ ቤት፣ እዚያም ግዢ ክፍል ነው። ሥራውን ያስተማረቻት ትልቋ ናት። "ፊርማሽን ከፖስታው ክዳን ላይ ጀምረሽ ወደ ታች አሻግሪው፤ ከሥሩ ሁለቴ አስምሪበት። ያኔ ማንም ከፍቶ መልሶ ሊያሽገው አይችልም" ብላ እጇን ይዛ አሳይታታለች።

አምና ግን የመንገዶች መሥሪያ ቤት አዲስ ሥርዓት ገባለት። ጨረታ ማውጣቱን፣ ዋጋ ማወዳደሩን፣ አሸናፊ መለየቱን ኮምፒውተሩ ያከናውነዋል። ደንቡ አጭር ነው፤ ዓመታዊ በጀቱ ከሃምሳ ሚሊዮን በላይ የሆነ መሥሪያ ቤት ሥርዓቱ ይተከልለታል፣ ከዚያ በታች ያለው በወረቀቱ ይቀጥላል። የመናፈሻዎች በጀት አርባ ሦስት ሚሊዮን ነው።

እሑድ እናታቸው ቤት ተሰብስበው ምሳ ሲበሉ እናትየው የሁለቱንም እጅ አየት አየት አደረጉ።

"የሚጡ ጣት እንዴት ጠራ! አንቺ ግን ዛሬም ቀለም በቀለም ነሽ። ታጠቢው እንጂ ልጄ!"

ትልቋ እጇን ወደ ጉያዋ ሰበሰበች። ስታስተምራት የኖረችው እሷ፣ የሚመሰገነው የሚጡ ጣት!

"እንዴት ነው ማሽኑ?" አለች እንደ ምንም ፈገግ ብላ።

"ሁሉንም እሱ ነው የሚሠራው። ስለሱ አታስወሩኝ በናታችሁ" አለች ሚጡ፣ ሳህኖቹን ለማንሳት ብድግ እያለች።

ኩራቷ! አለች ትልቋ በሆዷ።

ከዚያ ወዲህ የምታየው ሁሉ ያንገበግባት ጀመር። ሚጡ በጠራራ የሥራ ሰዓት መናፈሻው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጋዜጣ ታነባለች። ስልክ ሲደወልላት በመጀመሪያው ጥሪ ታነሳለች። መታወቂያዋን እንኳ አንገቷ ላይ ማንጠልጠል ትታለች፤ የትልልቆቹ መሥሪያ ቤቶች በር በጣት አሻራ ነው የሚከፈተው ሲባል ትልቋ ሰምታለች። እሷ በካርቦን ስትጨማለቅ ሌላው እንዲህ ይንደላቀቃል።

በእርግጥ አለቃዋ አዝነውላት አንድ ረዳት እንድትቀጥር ፈቅደውላት ነበር። ማስታወቂያውን እንደ ጨረታ አድርጋ አወጣችው። ዘመድ ለዘመድ ተጠቃቀሙ እንዳይባል የአመልካች ስም ከውስጥ ብቻ ይሁን፤ ከፖስታው ጀርባ የመጨረሻው መሥሪያ ቤትና የለቀቁበት ምክንያት ይጻፍ አለች። ቢሮው በሙሉ ሳቀባት። ፖስታዎቹ ኮሪደሩ ላይ በወጣው የጨረታ ሳጥን እየገቡ ተቀመጡ።

ትልቋ ግን ልቧ ረዳቱ ላይ አልነበረም፤ ለሃምሳው በጎደለው ሰባት ሚሊዮን ላይ ነበር። የመጪውን ዓመት ዕቅድ አውጥታ ታሳብጠው ጀመር። ደህና የነበረውን አጥር አሮጌ አለችው። የፏፏቴውን ሞተር በሁለት አባዛችው። የአትክልተኞቹን አለቃ ጠርታ አራት የሣር ማጨጃ ጠይቅ አለችው።

"ኧረ እትዬ፣ ለአራት ማጨጃ የሚበቃ ሣር ከየት አባቴ ላምጣ?"

"አንተ ፈርም። ሣሩ ይበቅላል።"

ዕቅዱ ሃምሳ አንድ ሚሊዮን ሞላ። በማግስቱ ሚጡን እዚያው ወንበሯ ላይ አገኘቻትና ነገረቻት።

"እታበባ፣ ይቅርብሽ" አለች ሚጡ ደንገጥ ብላ። "እውነቴን ነው፣ ወረቀቱ ይሻልሻል።"

"ለምን? ላንቺ ያማረ እኔን ሊያስጠላኝ ነው?"

"እንደሱ አይደለም..." ሚጡ ጋዜጣዋን አጠፈች። "ያ የረዳት ቦታስ? ሰው ቀጠራችሁበት?"

"ደግሞ በሱም ልትስቂብኝ ነው?"

ሚጡ ያጠፈችውን ጋዜጣ መልሳ ዘረጋች። ትልቋ እየሄደች ነገሩን አመነዠከችው። ልጅቷ ብቻዬን ልታይ ባይ ናት፤ ቀንታብኛለች! ይህን ስታስብ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አላት።

በጀቱ ጸደቀ። አለቃዋ ቢሯቸው ጠርተው ጨበጧት።

"እንኳን ደስ አለሽ! ሥርዓቱ በሚቀጥለው ወር ይተከላል። የረዳት ቅጥሩ ግን ቀርቷል፤ ማሽን እያለ ሰው ምን ይሠራል? ያንቺን ጉዳይ ደግሞ ሥርዓቱ ሲገባ እንነጋገርበታለን።"

ዕድገት ነው፣ አለች ትልቋ ደረጃውን እየዘለለች ስትወርድ። ለሚጡ ደወለች። በመጀመሪያው ጥሪ ተነሳ።

"ገባልን! ረዳትም በቃኝ፣ ቅጥሩን ሰርዘነዋል!"

"እንኳን ደስ አለሽ፣ እታበባ" አለች ሚጡ። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር። ስልኩ ተዘጋ።

ትቃጠል፣ አለች ትልቋ።

የቀራት አንድ ሥራ ነው። ቅጥር ሲሰረዝ የታሸገ ፖስታ አይከፈትም፤ "ተመላሽ" የሚል ማኅተም ፊቱ ላይ ተመትቶበት ጥበቃው ጋ ይቀመጣል፣ ባለቤቱም ፊርማውን አይቶ ይወስዳል። ሳጥኑን በሁለቱ ቁልፍ ከፈተች። ሦስት ፖስታ ነበር። እያንጎራጎረች ሦስቱንም መታችና ቀን ልትጽፍባቸው ገለበጠቻቸው። የመጀመሪያው፣ የዕቃ ግምጃ ቤት፣ ጡረታ ይላል። ሁለተኛው፣ የግል ትምህርት ቤት፣ የመኖሪያ ለውጥ።

በሦስተኛው ላይ ፊርማው ከክዳኑ ወደ ታች ተሻግሮ ከሥሩ ሁለቴ ተሰምሮበታል፦ "የመንገዶች መሥሪያ ቤት፣ ግዢ ክፍል። የለቀቅኩበት ምክንያት፦ አምና አዲሱ ሥርዓት ሲገባ ክፍሉ በሙሉ ስለተሰናበተ።"