የስሙ ምትክ ዋስ

«ይህን ደረጃ የሠራው ሰው እናት የለውም?» አለች እናቷ፣ ጉልበቷን እያሸች በሩ ላይ ቆማ።

በሙዚየሙ የነፍሳት ክፍል ኃላፊ የሆነችው ልጅ ወንበር ሳበችላት። ከጠዋት ጀምሮ አጉሊ መነጽሩ ላይ ስለተደፋች ዓይኖቿ አሸዋ እንደገባባቸው ይቆረቁሯታል። ከሥራ መውጫ በፊት ከሁለት ቢራቢሮዎች አንዷን መምረጥ አለባት። ዳይሬክተሩ ደጋግሞ ደውሎ «የምትመርጪው ቢራቢሮ ነው ወይስ ሚስት?» ብሏታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ የቢራቢሮ ስም ዋስ አለው፤ በመርፌ ተሰክታ ሣጥን ውስጥ የምትኖር አንዲት ቢራቢሮ። ስሙ የማን ነው የሚል ክርክር ሲነሳ የምትጠራው እሷ ናት። የልጅቷ አባት በጉብዝናው ዘመን አዲስ ዝርያ አግኝቶ በሚስቱ ስም ሰየመና ዋሷን በገዛ እጁ ሰካ። ከዚያ እሱም ሞተ፣ ዋሷንም ነቀዝ በላት። የተረፈው መርፌዋና ትንሽ የክንፍ ዱቄት ነው። ስለዚህ ምትክ ተፈለገ።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሣጥኖች አሉ። በአንዱ ሣጥን፣ ገደል ላይ ከበቀለ ዛፍ አናት የማትወርድ ሰማያዊ አለች። በሌላው፣ ወንዝ ዳር እበት ላይ የምትውል ቡናማ። አባቷ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሁለቱን አንድ ነበር የሚላቸው፤ ቡናማዋ ያረጀች ሰማያዊ ትመስለው ነበር። ኋላ ግን የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸው ታወቀ። ለምትክነት የተመረጠችው ስሙን ትወስዳለች፤ ሌላዋ ስም አልባ ትቀራለች። የድሮዋ ዋስ ፎቶ ቀለሟን እንዳያሳይ ጥቁርና ነጭ ነው። አባቷም የጻፈው «ከሸለቆው የተያዘች» ብሎ ብቻ ነው፤ ሸለቆው ደግሞ ገደልም አለው ወንዝም አለው።

ሰማያዊዋን ልትመርጥ ነው። ማስረጃ ኖሯት ሳይሆን ደክሟት። እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ ለጎረቤት፣ ለሐኪም፣ ለታክሲ ሾፌር ሳይቀር «በስሜ የተጠራች ሰማያዊ ቢራቢሮ አለች» ስትል ኖራለች። ይህን በዚህ ዕድሜዋ ከአፏ ማን ይነጥቃታል?

«ይቺውልሽ» አለች ሰማያዊዋን እያስጠጋችላት።

እናቷ ቦርሳዋን በርብራ መነጽሯን አደረገች። «እኔ ነኝ?»

«አንቺ ነሽ።»

«ከኔስ ትሻላለች።» ሳቀች። «ግን የዋዛ እንዳትመስልሽ። እቺን የያዘ ዕለት አባትሽ ምን ሆኖ እንደመጣ ታውቂያለሽ? ከደረቱ እስከ ጉልበቱ እበት! እዚያ ወንዝ ዳር እበት ላይ በሆዱ ተኝቶ ነው የያዛት። ያ ሱሪ ስንቴ ታጥቦ ሽታው አለቅም አለ። ‹በስምሽ ልሰይማት ነው› ሲለኝ ‹መጀመሪያ ገላህን ታጠብ› አልኩት።»

ልጅቷ ያነሳችው እስክሪብቶ አየር ላይ ቀረ። ሰማያዊዋ እንኳን እበት ላይ፣ መሬት ላይም አርፋ አታውቅም።

ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም። የሱሪውን ነገር የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ እናቷ ብቻ ነበረች፤ አሁን ደግሞ እሷ።

«ምን አልኩ?» አለች እናቷ።

«ምንም።»

«አባትሽም ሲዋሽ እንዲሁ ጆሮውን ያክ ነበር። ተናገሪ።»

ነገረቻት፤ ሁለተኛውንም ሣጥን ስባ አሳየቻት። እናቷ ቡናማዋን አየች። ሰማያዊዋን አየች። ወደ ቡናማዋ ተመለሰች። ኮሪደሩ ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲ እየጎተተች አለፈች።

«ታዲያ ያኔ ሰማያዊዋን ለምን አሳየኝ?»

«አንድ ናቸው ብሎ ነዋ። እቺ ያረጀችው መስላው።»

«ያረጀችው!» መነጽሯን አወለቀች። «ያኔ እኮ ገና ሙሽራ ነበርኩ።»

ልጅቷ ሳቅም እንባም እኩል መጣባትና ሁለቱንም ለማውጣት አቅም አጣች። «እማዬ፣ ከፈለግሽ ሰማያዊዋን እጽፋለሁ። ማስረጃ የለም።»

«እኔስ ማስረጃ አይደለሁም?» አለች እናቷ። «ያን ሱሪ አላጠብኩም ብዬ ለሰማያዊ ልዋሽ? ቡናማዋን ጻፊ።»

ጻፈች። የዋስነት ምልክት የሆነውን ቀይ ወረቀት ከቡናማዋ ሥር በመርፌዋ ሰክታ የሣጥኑን መስተዋት ከደነች።

«ይቺስ?» እናቷ በአገጯ ወደ ሰማያዊዋ ጠቆመች።

«ስም የላትም። አንድ ቀን የሆነ ሰው ይሰይማታል።»

«የሰው ስም እንዳትጭኑባት» አለች እናቷ። «ትረፍ።»

ልጅቷ ኮቷን ከመስቀያው አውርዳ መብራቱን ልታጠፋ ዞር ስትል፣ እናቷ ቡናማዋ ላይ አጎንብሳለች። ትንፋሿ መስተዋቱን አደበዘዘው። በእጅጌዋ ጠረገችው። መልሶ ደበዘዘ፤ መልሳ ጠረገችው።