ኳስ ያለበት ፊርማ

ስሚኝማ የኔ ቆንጆ፣ እናትና አባትሽ ሲጣሉ መሃል ገብተሽ ታውቂያለሽ? ያውም ባንክ ቤት? ጢያራ አሁን እዚያ ናት፤ በሁለቱ መሃል ወንበር ላይ እንደ መረብ ተወጥራ።

ጢያራ የሰፈሩ የልጆች ሊግ አጥቂ ናት። አባቷ ሊቀመንበር፣ እናቷ ገንዘብ ያዥ። ያለሁለቱ ፊርማ ከሊጉ ሒሳብ አምስት ሳንቲም አይወጣም። እነሱ ደግሞ ከተለያዩ ወዲህ እንኳን አብረው ሊፈርሙ ሰላምም አይባባሉ። ባንኩ ሳይዘጋ የሜዳው ኪራይ ካልወጣ ባለሜዳው ቅዳሜን ለሌላ ሊሰጥ ነው። የቅዳሜው የፍጻሜ ጨዋታ አለቀለት በያ!

«ለአባትሽ ንገሪው፣ የመረቡን ደረሰኝ ያምጣ።»

«ለእናትሽ ንገሪያት፣ ደረሰኙ ሸሚዜ ኪስ ነበር። ሸሚዙን በመስኮት የወረወረው ማን ሆነና!»

«ኪሱን ፈትሼ ልወርውርለት ኖሯል?»

«ኧረ በናታችሁ፣ ሰው እያየን ነው!» ትላለች ጢያራ። ጥበቃው ሳቁን በሳል ይሸፍናል።

ተራቸው ይደርሳል። አባት ይፈርማል። እናት «ለልጆቹ ስል ነው በይው» ብላ ጥርሷን ነክሳ ትፈርማለች። ገንዘብ ከፋይዋ ወረቀቱን ታያለች፣ ኮምፒውተሩን ታያለች።

«እናቴ፣ ይሄ ፊርማ እኛ ጋ ካለው ጋር አይመሳሰልም።»

«ቀይሬዋለሁ።»

«ለዛሬ የድሮውን ካልፈረሙ አይወጣም።»

የድሮውን! ጢያራ ታውቀዋለች። ሊጉ ሲቋቋም አባቷ ነው ኩሽና ቁጭ ብሎ ለእናቷ ያወጣላት፤ ጫፉ ላይ ኳስ የምትመስል ክብ አለችው። እናቷ እስክሪብቶውን ታስቀምጣለች።

«እሱንስ እጄ ይቆረጥ!»

አባት ይስቃል፤ ያችን የሚያበግን ሳቁን። «ተያት እህቴ፣ ረስታው ነው።»

«ማን ነው የረሳው? አንተ ነህ የረሳኸው!» አይን አይኑን እያየች፣ ያለ አስተርጓሚ። እስክሪብቶውን መንትፋ፣ ወረቀቱን ሳታይ፣ ከነኳሷ ትሞነጭረዋለች። ወረቀቱ ሊቀደድ ምንም አልቀረው።

«አሁን ልክ ነው» ትላለች ከፋይዋ። ብሩን ቆጥራ ለጢያራ ታቀብላታለች።

በአንድ በር ይወጣሉ፤ እሱ ወደ ቀኝ፣ እሷ ወደ ግራ። ጢያራ የሜዳውን ብር ደረቷ ላይ አቅፋ ትቀራለች። ደረጃው ላይ ስትጠብቃት ለነበረችው ለቡድኑ በረኛ ሁሉንም ትዘከዝክላታለች። «በቃ፣ ሁለተኛ አንድ ቦታ አይቀመጡም» ስትል ድምጿ ይሰበራል።

በረኛዋ ማስቲካዋን ጧ አድርጋ ያለቻት ቃል በቃል ይሄ ነው፦

«አይዞሽ፣ ሰኞ ደግሞ የዳኞች ክፍያ አለ።»