ከምንጩ ራስጌ

እየሩስ ለበረባሶ ጫማ የሚሆናትን ጎማ ልትመርጥ ከሰቆጣ በታች ካለው ምንጭ ራስጌ ስትደርስ፣ ጓንጉል በውስጡ ያለውን ሽቦ ለመውሰድ ብሎ የአሮጌ ጎማውን ክምር ሊያቃጥል ቤንዚን ያርከፈክፍበት ነበር።

«አንተ ሰው፣ ጎማው ሲቃጠል የሚወጣው ጥቁር ዘይት እኮ ምንጩ ውስጥ ይወርዳል! ጎማውን ለእኔ ተወው፤ ጫማ አደርገዋለሁ።»

«ዞር በይ!» አለና በቡጢ አፏን መታት። ደም ተፋች፤ ግን አልሸሸችም። የጎማ መቁረጫ ካራዋን መዝዛ ክንዱን ሸረከተችው። እሱም በንዴት እያጓራ ክብሪቱን ጫረ። እሳቱ ግን ከጎማው ቀድሞ ቤንዚን የጠጣውን እጀ ጠባቡን ያዘው።

«የእጅህን አገኘህ» ልትለው ነበር። ጩኸቱን ስትሰማ ግን ካራዋን ጥላ፣ አንገቱን አንቃ ቁልቁል ጎተተችውና ከነእሳቱ ምንጩ ውስጥ ደፈቀችው። ውኃው በቤንዚንና በደም ደፈረሰ።

«ሰው ገደለች!» እያሉ ውኃ ሊቀዱ የወረዱ ሴቶች ሮጠው መጡ። እየሩስ አልሰማቻቸውም። ፀጉሩን ይዛ ቀና አደረገችውና፣ «ተንፍስ! አንተ ክፉ፣ ተንፍስ!» ብላ ጮኸችበት።

ጓንጉል አስሎ ተነፈሰ። ያኔ ገና ወደ ሴቶቹ ዞራ ደሟን በመዳፏ ጠረገች።

«ዛሬስ ከዚህ እንዳትቀዱ» አለቻቸው።