የተጠረገችው ነጥብ

ፎቶ አንሺው «ምነው እጄን በቆረጠው!» ያለው እህቱ ስቱዲዮው የመጣች ዕለት ነው።

«ጋሼ፣ የባለቤቴን የድሮ ፎቶዎች ፈልግልኝ» አለችው። «ጉንጩ ላይ ያለችውን ጥቁር ነጥብ ያየችው የቆዳ ሐኪም አልወደደቻትም። ዕድሜውን ሙሉ መሬት ሲቀይስ ፀሐይ ላይ የዋለ ሰው ነው፤ የቆዳ ካንሰር እንዳይሆን ብላ ፈርታለች። ከዓመት ዓመት ሰፍታ እንደሆነ በፎቶ ማየት ትፈልጋለች።»

ፎቶ አንሺው ክው አለ። ቀያሹን በየዓመቱ ለመታወቂያ የሚያነሳው እሱ ነው። በየዓመቱም ያቺን ነጥብ በኮምፒውተር ይጠርግና «አማቼን ሙሽራ አስመሰልኩት!» እያለ ያሾፋል።

መነጽሩ ልጦት የሚደማውን የአፍንጫውን ጎን በመሐረብ ጠረገ።

«ይሄን መነጽር ቀይረው ብዬህ አልነበር?»

«ቀየርኩት እኮ።»

እህቱ ስትወጣ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ደግነቱ ያልተነካኩትን ፎቶዎች አልጣላቸውም። የየዓመቱ ፎቶ የሚጀምረው በራሱ ፊት ነው፤ ቀያሹን ከማስቀመጡ በፊት መነጽሩን አውልቆ ወንበሩ ላይ ይቀመጥና መብራቱን ይሞክራል። አደባባይ ቆሞ ፎቶ ባነሳባቸው ሃያ ዓመታት እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረበትም፤ ፀሐይዋ ትበቃው ነበር።

በማግስቱ ሦስቱም ፎቶዎቹን በፍላሽ ይዘው ሐኪሟ ክፍል ገቡ፤ ፎቶ አንሺው ገና ሳይቀመጡ ተናዘዘ።

«ይቅር በሉኝ! ነጥቧን ስጠርግ የኖርኩት እኔ ነኝ። ባልነካት ኖሮ ይሄኔ ድሮ ታይታ ነበር። እህቴን ያለ ባል ላስቀራት ነው!»

«ተው እንጂ» አለ ቀያሹ። «አሳመርከኝ ብዬ ልክሰስህ?»

ሐኪሟ አልሳቀችም። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አገላበጠች።

«እነዚህስ?»

«እሱ እኔ ነኝ፣ መብራት ስሞክር። ይለፏቸው።»

እስከ መጨረሻው አየቻቸው። ከዚያ ወደ ቀያሹ ዞረች።

«አስር ዓመት ሙሉ ያው ናት። አልሰፋችም፣ ቅርጿም ቀለሟም አልተለወጠም። ለማንኛውም ትንሽ ቆርጠን እንመረምራታለን፤ እኔን ግን አላሰጋችኝም።»

እህቱ እልል ማለት ቃጣት። ፎቶ አንሺው ወንበሩ ላይ ዘጭ ብሎ እንባውን ለቀቀው። ከደረቱ ላይ ቋጥኝ የተነሳለት መሰለው። አፍንጫውን ሲጠርግ መሐረቡን እንደገና ደም ነካው።

ሐኪሟ ግን ፎቶዎቹን አልዘጋችም። ወደ መጀመሪያው ዓመት የመብራት ሙከራ ተመለሰች፣ ወደ መጨረሻው ሄደች፣ ቀና ብላም ፎቶ አንሺውን አየችው።

«እስቲ እርስዎ መነጽርዎን ያውልቁልኝ።»