ከፊልሙ የተቆረጠው

ሸፊቃ ከገመድ ያወረደችውን ልብስ አቅፋ ስትገባ ዩስራ የቆርቆሮውን ሳጥን ከፍታ ዲስኩን እያወጣች ነበር። ክዳኑ ላይ ዓይን የሌለው ፍጡር አፉን በልቅጦ ይታያል።

«ይሄን ነገር እቤቴ አታስገቢ አላልኩሽም?»

«እማ፣ ፊልም ለሚሰበስቡ ሰዎች ተብሎ እንደ አዲስ የወጣ ነው። አንድ ሺህ ብቻ ነው ያተሙት። ፊልሙን አይደለም የማሳይሽ፤ ሁለተኛው ዲስክ ላይ ከፊልሙ ተቆርጦ የቀረ አለ። አባዬ አለበት።»

ልብሱ ከሸፊቃ እጅ ሶፋው ላይ ወደቀ።

ነገሩ የዛሬ ሃያ ዓመት ነው። ፊልም ሠሪዎች እሷና ባሏ በስደት ወደሚኖሩበት ሰፈር፣ ወደ ዱርንፎንቴን መጥተው፣ ከሌላ ዓለም የወረደ ፍጡር ከተማውን ሲፈጅ ለማሳየት ሬሳ የሚሆን ሰው ፈለጉ። ባሏ ከቢር ያኔ ሥራ ፈትቶ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ተጋድሞ ዋለ። ማታ አንገቱን ስታጥብለት «ተኝተሽ የሚከፈልሽ አገር!» እያለ በሳቅ ገደላት። ፊልሙ ሲወጣ ዞር ብሎ ያየው አልነበረም፤ ከዓመታት በኋላ ግን ወጣቱ አበደለት። ከቢር ለዚያ አልደረሰም። ከቀረጻው በአምስተኛው ወር፣ ሎኬሽን በሚሉት የድሆች መንደር ውስጥ ተቀጥሮ በሚሸጥበት ሱቅ ዘራፊዎች በጥይት ገደሉት። ዩስራ ገና ሆድ ውስጥ ነበረች።

አስከሬኑን ለይታ የፈረመችው ሸፊቃ ናት።

«አላህ ይርሀመው። እኔ ሞቶ ያየሁት ይበቃኛል» አለች።

«እኔ ደግሞ በሕይወት አላየሁትም።» ዩስራ ቀና አላለችም። «ትናንት ልከፍተው ነበር። ብቻዬን ፈራሁ።»

ሸፊቃ ልብሱን ገፋ አድርጋ ተቀመጠች።

ቴሌቪዥኑ ላይ ባዶ መጋዘን ታየ። ወለሉ ላይ ሰዎች ተረፍርፈዋል። ከግራ ሦስተኛውን ፊቱን ሳታይ አወቀችው፤ እንደ ልማዱ አንድ እግሩን ሰብስቦ ነው የተኛው። መድኃኒት መድኃኒት ይሸት የነበረው ያ ቀዝቃዛ የአስከሬን ክፍል፣ አንሶላውን የገለጠላት ሰውዬ፣ ሁሉም መጣባት።

«ከት!» አለ ከካሜራው ጀርባ ያለ የማይታይ ሰው።

ሬሳዎቹ ተነሡ። ከቢርም ተነሣ። ዓይኑን አሸት አድርጎ አጠገቡ ወዳለው ሰው ዞረና በአማርኛ፣ «ኧረ ወገቤ! ሲሚንቶው በረዶ ነው እኮ» ብሎ ሳቀ።

ዩስራ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። «ድምፁ ቀጭን ነው፣ እማ። እንደዚህ ነበር?»

ሸፊቃ ስታስታውሰው የኖረችው ድምፅ ወፍራም ነው። መቼ እንደተለወጠባት፣ የማንን ድምፅ ስትሰማ እንደኖረች አላወቀችም።

«እንደገና እንሠራለን!» አለ የማይታየው ሰው በእንግሊዝኛ። «ሁላችሁም ወደ ቦታችሁ!»

የከቢር ሳቅ ቀስ እያለ ጠፋ። ወለሉን በዓይኑ ፈለገ፤ የተኛበትን ቦታ አገኘው። ጎንበስ አለ።

ሸፊቃ ሪሞቱን ከልጇ ጭን ላይ መነተፈችው።

«እማ! ምን ሆንሽ?»

የማቆሚያውን ቁልፍ ተጫነች፤ ምስሉ ባለበት ቀጥ አለ። ዩስራ እጇን ዘረጋች፤ እናቷ ሪሞቱን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ አልነቀለችም። ከቢር እዚያ ቀረ፤ አንድ መዳፉ ወለሉ ላይ፣ ጉልበቱ ገና መሬት ሳይነካ።