ሳጥኑ ሞላ

ቴክኒሻኑ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሲያንኳኳ በሩን የከፈተችለት ሚስትየው ናት። ከላይ እስከ ታች አየችው።

«የእሱ እንግዳ ነህ» አለች። «ግባ። መቃብሩ በዚያ በኩል ነው።»

መቃብር ያለችው የባሏን የሥራ ክፍል ነው። ሦስቱ ግድግዳ በፋይል ተሞልቷል። ከጠረጴዛው ሥር ሁለት ዲስክ የሚይዝ፣ የጫማ ካርቶን የሚያህል አሮጌ የመረጃ ማከማቻ ተቀምጧል። ከፊቱ ቀይ መብራት ይበራል።

«ሞላ» አለ ባልየው፣ መምህሩ፣ ከወንበሩ ሳይነሣ። ጉልበቱ እምቢ ካለው ወዲህ ደረጃ ወርዶ አያውቅም። «ሁለት ቴራ ሙሉ! ትናንት ከዚህ በላይ አልቀበልም አለኝ።»

«ምን ቢጭኑበት ነው፣ ጋሼ?»

«እውነት።»

ቴክኒሻኑ ሳይጠይቀው መምህሩ ታሪኩን ነገረው። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት የፈተና ጥያቄ ሸጠሃል ተብሎ ከዩኒቨርሲቲ ተባረረ። የሸጠው ሌላ ሰው ነው፤ ያም ሰው ዲን ሆኖ፣ ተጨብጭቦለት ጡረታ ወጣ። መምህሩ ከዚያ ወዲህ በእጁ የገባውን ወረቀት ሁሉ ስካን አድርጓል። በየጠዋቱም ካሜራ ፊት ተቀምጦ የምስክርነት ቃሉን ይቀርጻል።

«ማን ያየዋል ታዲያ?»

«የይግባኝ ኮሚቴው ነዋ! በየዓመቱ ይጽፉልኛል።» ከመሳቢያው አንድ ደብዳቤ አወጣ። «‹ጉዳይዎን አልረሳነውም› ነው የሚሉት። እየው፣ አንድ የፊደል ግድፈት የለበትም። ያ ሁሉ ደንቆሮ በተሰበሰበበት ግቢ እንዲህ የሚጽፍ አንድ ሰው ቀርቷል። የዘንድሮው በሚቀጥለው ወር ይመጣል። ማስረጃህን በሙሉ አቅርብ ሳይሉኝ አይቀሩም።» ወደ በሩ በአገጩ አመለከተ። «ከፖስታ ቤት የምታመጣልኝ እሷ ናት። ስትሰጠኝ ፊቷን ብታየው! መርዶ የያዘች ነው የሚመስለው።»

«እኔም እዚያ ነው የተማርኩት» አለ ቴክኒሻኑ። «ይግባኝ ኮሚቴ የሚባል ነገር አሁንም...»

«ሥራህን አትጀምርም?» አለች ሚስትየው ከደጃፉ። «እሱን ካዳመጥክ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚሁ መቀመጥህ ነው።»

ቴክኒሻኑ አንደኛውን ዲስክ አውጥቶ በቦታው ባለ ስምንት ቴራ አዲስ ዲስክ ሰካ።

«ሁለቱ ዲስኮች አንድ ዓይነት ነገር ነው የያዙት» አለ። «አዲሱ ከቀረው አሮጌ ላይ ይገለብጣል፤ አራት ሰዓት ይፈጃል። ከዚያ ያንንም አውጥተን ሌላ አራት ሰዓት።» ላፕቶፑን ከፍቶ ዝርዝሩን ተመለከተ። «ሁለት ኮምፒውተሮች ያለባቸውን ሁሉ በራሳቸው ወደዚህ ይገለብጣሉ። አንዱ የማን ነው?»

«የእሷ» አለ መምህሩ። «የልጆቹ ፎቶ እንዳይጠፋባት ብዬ እኔው ነኝ ያገናኘሁት። ሠላሳ ዓመት ጸሐፊ ሆና የሠራች ሴት፣ አንዲት ፎቶ የት እንዳስቀመጠች አታውቅም።»

ሚስትየው የያዘችውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አልነገርከኝም» አለች።

«ስለዚህ ሳጥን ስነግርሽ መቼ ሰምተሽኝ ታውቂያለሽ?»

ከዚያ በኋላ ከክፍሉ አልወጣችም። አቧራ የሌለበትን መደርደሪያ ስትወለውል ቆይታ ወደ ቴክኒሻኑ ቀረበች።

«ያወጣኸው ዲስክ ባዶ ነው?»

«ባዶማ አይደለም፣ እትዬ። ሁሉም ነገር አለበት።»

«ስጠኝ፣ እኔ አስቀምጠዋለሁ።»

ቴክኒሻኑ አያትና ዲስኩን ቦርሳው ውስጥ ከተተው። «ሥራው እስኪያልቅ እኔ ጋ ይቆይ። አንድ ነገር ቢበላሽ መመለሻችን እሱ ነው።»

እኩለ ቀን ላይ መምህሩ ወንበሩ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው። ሚስትየው ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አሁን ገመዱን ብነቅለው ምን ይሆናል?»

«እትዬ!»

«ጠየቅሁ እንጂ ነቀልኩ?» ባሏ መተኛቱን ዞር ብላ አረጋገጠች። «ከውስጡ ጥቂት ነገር ብቻ መርጦ ማጥፋትስ ይቻላል? እሱ ሳያውቅ?»

«እኔ የሰው አሥራ ዘጠኝ ዓመት አላጠፋም።»

«አንተ ዛሬ ማታ ቤትህ ትገባለህ» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ድካም ብቻ ነበር። «ከእሱ ጋር የምቀረው እኔ ነኝ።»

ቴክኒሻኑ ምሳ ሊወጣ አስቦ ነበር፤ ተወው። ሁለተኛውን ዲስክ ቀይሮ አንዴ ሳጥኑን፣ አንዴ እሷን ሲጠብቅ ዋለ። እሷም ስትጠብቀው ዋለች።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ቀዩ መብራት አረንጓዴ ሆነ።

«ስድስት ቴራ ባዶ ቦታ አለዎት፣ ጋሼ።»

«ስንት ዓመት ይበቃኛል?»

«በዚህ አያያዝዎ ከሆነ፣ ሃምሳ ዓመት።»

መምህሩ ሳቀ። ሚስትየው ዓይኗን ጨፈነች።

«አንድ ነገር ቀረ» አለ ቴክኒሻኑ። «ሁሉም በደህና መሻገሩን ለማየት መጨረሻ የገባውን ፋይል ከፍቼ ነው የምሄደው። ልማዴ ነው። ሲበላሽ ከኋላ ነው የሚጀምረው።»

ሚስትየው ከተቀመጠችበት ተነሣች። «አያስፈልግም። ቀኑን ሙሉ ምግብ አልቀመስክም። ሂድ በቃ።»

«ክፈተው!» አለ መምህሩ መነጽሩን በዳበሳ እየፈለገ። «የእኔው ቃል ነው የሚሆነው። ትሰማው እስቲ እሷም።»

ቴክኒሻኑ ከፈተው። ቪዲዮ አልነበረም።

ከሚስትየው ኮምፒውተር የተገለበጠ የአንድ ገጽ ደብዳቤ ነው፤ «ጉዳይዎን አልረሳነውም» ብሎ ይጀምራል፣ ከላይ የተጻፈበት ቀንም የሚቀጥለው ወር አሥራ ሁለት ነው።